የፈረንጅ ቃሪያ በሥጋና በአሳ፦ ከሰው ቤት ያመጣነው ሙያ

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የምግብ ዝግጅት ቡድኑ ያቀረበው ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ላይ «የምግብ ቡድኑ የወሰደውን ብድር ምን አደረገው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከቁጠባችን የተበደርነው እኛ ነን፤ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያበላሸነውም እኛው ነን። ዛሬ የመጣነው ሁለት ነገር ይዘን ነው። አንደኛው፣ ስለ ብልሽቱ እውነቱን ልንነግራችሁ፤ ሁለተኛው፣ ከብልሽቱ በኋላ ያገኘነውን አሠራር ልናካፍላችሁ። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ተሸፍኖ ያለው ትሪ የንግግራችን ምስክር ነው። ሽታው አያዘናጋችሁ፤ ስንጨርስ ትቀምሳላችሁ።

የቡድኑ አባላት ስድስት ነን። አራታችን አረብ አገር ሠርተን የተመለስን፣ ሁለታችን ደግሞ ከሐዋሳ ርቀን የማናውቅ። አንዳችን ቤሩት ሰባት ዓመት ቆይታለች። አንዳችን ኩዌት፣ አንዳችን ዱባይ ነበርን። አንዳችን በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ አንዲት ሻንጣ ይዛ የገባች ናት። ስንመለስ ሰው ሁሉ «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። ብዙም የምናሳየው አልነበረንም። የአንዳችን የስምንት ወር ደመወዝ እስከ ዛሬ እዚያው ቀርቷል። በእርግጥ ይዘነው የመጣነው የእጃችንን ሙያ ነበር። ግን እኛ ራሳችን ሙያ ብለን አልጠራነውም። «እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» ስንባል «ሰው ቤት» ብለን ወሬ እንቀይራለን።

ማኅበሩ ሥራ የሚጀምር ቡድን ሲጠይቅ ግን ተሰብስበን የምንችለውን ቆጠርን። አራታችንም አንድ የጋራ ነገር ተገኘብን፤ ማህሺ። ማህሺ በአረብኛ «የተሞላ» ማለት ነው። ኩሳውን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ የወይን ቅጠሉን፣ የፈረንጅ ቃሪያውን በሩዝና በሥጋ ሞልቶ በቲማቲም መረቅ መቀቀል ነው። እዚያ አገር እንግዳ በሚመጣበት ቀን ሌሊት ተነሥተን መቶ፣ መቶ ሃምሳ ፍሬ እየፈለፈልን እንሞላ ነበር። እጃችን ዐይናችንን ጨፍነን እንኳ አይስተውም።

ከአገር ያልወጡት ሁለቱ እህቶቻችን ይህን ሲሰሙ ሳቁብን። «ታዲያ ይኼ ስንግ አይደለም እንዴ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ቃሪያውን ሰንጥቀን ፍሬውን አውጥተን ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት፣ በሎሚና በጨው አሽተን የምንሞላው ስንግ እናቶቻችን ቤት አለ። ልዩነቱ ስንግ ጥሬውን ይቀርባል፣ ያቃጥላል፣ ከእንጀራ ጎን ይቆማል። የፈረንጅ ቃሪያ ግን የሚያቃጥለው ነገር የለውም፤ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ተቀቅሎ ራሱን ችሎ ምሳ ይሆናል። ስለዚህ ባዕድ ነገር እያመጣን አልነበረም። ለምናውቀው ነገር ታላቅ እህት እያመጣንለት ነበር።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንሂድ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የአንድ ተማሪ ምረቃ ነበር። 80 ቃሪያ። ከቁጠባው ተበደርን፣ ገበያ ወረድን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረን ሠራን። ቤሩት ውስጥ እንደምናደርገው ጥሬ ሩዝ ከጥሬ የተፈጨ ሥጋ ጋር አሽተን ሞላን፣ ድስት ውስጥ ደረደርን፣ መረቁን ጨመርን፣ እዚያ የሚበቃውን ያህል ጊዜ ቀቀልን። ቃሪያው ከላይ ሲያዩት ያምራል። ማዕድ ላይ ሲቆረጥ ግን ሩዙ መሐሉ ጥሬ ነው። የተመራቂው አያት በትሕትና «ልጆቼ፣ እጃችሁ ይባረክ፤ ግን ይኼ ለኔ ጥርስ አይሆንም» አሉን። የቀረውን ክፍያ አልጠየቅንም፤ ብንጠይቅም አይገባንም ነበር። ብድሩን ከየራሳችን እያዋጣን በ14 ሳምንት መለስን። ለዚያ ነው በዚያ ጊዜ በስብሰባ ላይ አንገታችንን የደፋነው።

ከሁሉ የከፋው ገንዘቡ አልነበረም። እርስ በርስ መጠራጠራችን ነበር። «ሩዙን ያጠብሽው አንቺ ነሽ»፣ «እሳቱን የቀነስሽው አንቺ ነሽ» ተባባልን። አንዳችንማ «እዚያም ሠርቼ አላወቅኩም ማለት ነው» ብላ ልትወጣ ነበር።

ምክንያቱን የነገረችን የአንዷ እህታችን ልጅ ናት፤ ተማሪ ናት። «እማ፣ ቤሩት እኮ ባሕር ዳርቻ ነው» አለች። በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍ ወዳለ ቦታ ስንወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው ቀድሞ ይፈላል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ስለሆነች እዚህ ውኃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ያንሳል፤ ወደ 92 ዲግሪ። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ እዚያ እንደነበረው አይደለም። በዚያ ላይ ሩዙ በቃሪያው ግድግዳና በሥጋው ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ሙቀቱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እሳት መጨመርም አይረዳም፤ የፈላ ውኃ ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ይህን በሰማን ቀን ስድስታችንም ተያይተን ዝም አልን። ጥፋቱ የማንም እጅ አልነበረም። ሙያው ትክክል ነበር፤ የተማርነው ግን ለሌላ አገር ውኃ ነበር። ዛሬ ልንላችሁ የመጣነው ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ከሰው ቤት ያመጣነው ሙያ የኛ የሚሆነው ለራሳችን ውኃ፣ ለራሳችን ገበያና ለራሳችን በላተኛ ስናስተካክለው ነው።

እንግዲህ ያስተካከልነውን እንንገራችሁ። ልኩ ለ12 መካከለኛ ቃሪያ ነው፤ ስድስት ሰው ያጠግባል።

ቃሪያው፦ ታቹ ጠፍጠፍ ብሎ የሚቆም፣ ቆዳው የጠበቀና የሚያብረቀርቅ ይመረጥ። አረንጓዴው ገና ያልበሰለው ነው፤ ትንሽ መረር ይላል። ቀዩ እዚያው ተክል ላይ ቆይቶ የበሰለው ስለሆነ ይጣፍጣል፣ ዋጋውም ይወደዳል። በአናቱ በኩል እንደ ቆብ ቆርጠን ቆቡን እናስቀምጣለን። ፍሬውንና ነጩን ሥር እናወጣለን፤ ግድግዳውን እንዳንበሳው መጠንቀቅ ነው።

የሥጋው ሙሊት፦ ሩብ ኪሎ ሩዝ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈን፣ በፈላ ውኃ 8 ደቂቃ ያህል ቀቅለን እናጠልለዋለን። ግማሽ ብስል ይሁን እንጂ አይፈረካከስ። ሁለት ሽንኩርት በዘይት አቁላልተን፣ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ጨምረን ቀለሙ እስኪለወጥ እናማስለዋለን። እዚያ «ሰብዐ ብሃራት» የሚሉት የሰባት ቅመም ድብልቅ ነበር። እዚህ ከየጓዳችን ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ጥቂት ቅርንፉድና ኮረሪማ ወስደን ቀመምነው። ኮረሪማውን እዚያ አያውቁትም፤ በኛ ግምት ግን ይበልጥባቸዋል። ሩዙን፣ ሥጋውንና አንድ የተከተፈ ቲማቲም ቀላቅለን፣ ጨው አስተካክለን እንሞላለን። ሩዙ ገና ስለሚነፋ ከላይ አንድ ጣት ያህል ቦታ እንተዋለን። ቆቡን መልሰን ድስት ውስጥ አስጠግተን እናቆማቸዋለን፤ እርስ በርስ ከተደጋገፉ አይወድቁም።

መረቁ አራት የበሰሉ ቲማቲሞች ተፈጭተው፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከትንሽ ድልህ ቲማቲም፣ ከጨውና ከውኃ ጋር ነው። የቃሪያውን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ይሸፍን። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰን፣ ከድነን፣ 50 ደቂቃ ያህል እናበስላለን። ሊወጣ ሲል የደረቀ ናና ጣል እናደርጋለን። ከዚያ የማይታለፍ ሕግ አለን፤ አንዱን ቃሪያ ከመሐል አውጥተን ቆርጠን ሳንቀምስ ድስት አይወጣም። 80 ከምናበላሽ አንድ እንብላ።

አሁን ደግሞ ስለ አሳው። የአሳው ሙሊት ከኛ ችግር የተወለደ ነው።

እንደምታውቁት በመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። ሥጋ ላይ እያንዳንዳችን በየእምነታችን የታረደውን ነው የምንበላው። ስለዚህ የሥጋውን ቃሪያ ስንሠራ ሁሌ ከስድስታችን ሦስቱ የራሳቸውን እጅ ሥራ አይቀምሱም ነበር። የማይቀምሱትን እንዴት ያጣፍጣሉ? ቢላዋውን፣ መክተፊያውን፣ ድስቱን ለየብቻ አድርገናል፤ የሥጋ ትእዛዝም በየተራ በተለያየ ቀን ነው የምንሠራው። ያም ሆኖ አብረን ሠርተን አብረን አለመብላታችን ከነከነን።

ያን ጊዜ ዱባይ የነበረችው እህታችን የአሠሪዎቿን ቤት አስታወሰች። እነሱ ሩቢያን ይሞሉ ነበር፤ ሩቢያን ማለት ሽሪምፕ ነው። ሽሪምፕ እኛ ሐይቅ ውስጥ የለም፤ ቀዝቅዞ ከውጭ የሚመጣው ዋጋው አይቀመስም። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ ወገኖችም ብዙ ናቸው፤ አምባዛንም በዚሁ ምክንያት የሚተዉ አሉ። ቆሮሶ የምንለው ጥላፒያ ግን ቅርፊት አለው፣ ከደጃችን ይወጣል። አሳ ላይ ደግሞ «ማን አረደው?» ተብሎ አይጠየቅም። ክርስቲያንዋም ሙስሊምዋም ከአንድ ድስት ይበላሉ።

የአሳው ሙሊት፦ በጠዋት አሞራ ገደል ወርደን 700 ግራም ፊሌቶ እንገዛለን። ሙሉውን አሳ የምትገዙ ከሆነ ዐይኑ ያበራ፣ መተንፈሻው ሲገለጥ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ፊሌቶውን በጣታችን ዳስሰን የቀረ እሾህ እንለቅማለን፤ ልጆች ይበሉታልና። በአውራ ጣት ልክ ቆርጠን ጨውና ሎሚ ነክተን 10 ደቂቃ እናቆየዋለን፤ የሚያወጣውን ውኃ እናደርቀዋለን፤ ካልደረቀ ሙሊቱ ይረጥባል።

ሽንኩርቱ ላይ የቤሩትዋ እህታችን የ«ሰያዲያ»ን ምሥጢር ሰጠችን። ሰያዲያ የሊባኖስ ዓሣ አጥማጆች የሩዝና የአሳ ምግብ ነው፤ ጣዕሙ የሚመጣው በዘይት ቡናማ እስኪሆን ከተጠበሰ ሽንኩርት ነው። እኛም ሦስት ሽንኩርት በትዕግሥት ቡናማ እናደርጋለን። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና የተፈጨ ድንብላል እንጨምራለን፤ አሳውን ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አናማስለውም። አሳ እንደ ሥጋ ረጅም እሳት አይወድም፤ ይደርቃል፣ ይበታተናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ሥራው ይገለበጣል፦ ሩብ ኪሎው ሩዝ ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ይበስላል፤ ባዶው ቃሪያም በፈላ ውኃ 6 ደቂቃ ያህል ለስልሶ ተደፍቶ ይጠለላል። ከዚያ ይሞላል፣ መረቁ የቁመቱን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይዞ ለ20 ደቂቃ በቀስታ ይበስላል። አሳው እስከ መሐሉ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነኩት የሚነጣጠል ከሆነ ደርሷል።

ለጾመኞች ደግሞ ሦስተኛ ሙሊት አለን፤ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በዘይት። በጾም አሳ የሚበላ አለ፤ የማይበላ አለ። እኛ መርማሪዎች አይደለንም፤ ትእዛዝ ስንቀበል እንጠይቃለን፣ እንጽፋለን። እንዳይምታታም ምልክት አበጅተናል። ቀይ ቃሪያ ሥጋ ነው፣ አረንጓዴ አሳ ነው፤ የጾሙ በራሱ ድስት በስሎ በራሱ ትሪ ይወጣል።

ስለ ንጽሕና ሁለት ነገር ሳንናገር አናልፍም። የበሰለ ሩዝና አሳ ውጭ ሲያድሩ አደገኛ ናቸው፤ ሩዝ ምንም አያደርግም የሚባለው ስሕተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም። ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩሱን ይጠበቅ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ። መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጅ ላይ አንተማመንም። በትእዛዝ ቀን ገዝተን፣ በዚያው ቀን አብስለን፣ በትኩሱ እናደርሳለን። ምሽት ላይ የተረፈ አሳ ለነገ ትእዛዝ አይሸጥም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በመጀመሪያው ትእዛዝ ዋጋ ስናወጣ የቆጠርነው ቃሪያውን፣ ሥጋውንና ሩዙን ብቻ ነበር። ዘይቱን፣ ከሰሉን፣ የባጃጁን፣ የምንጠቀልልበትን፣ ለቅምሻ የሚወጣውን አንድ ቃሪያ አልቆጠርንም። ከሁሉ በላይ ጉልበታችንን አልቆጠርንም። ሩዙ ባይበላሽ እንኳ ከስረን ነበር! አንዷ እህታችን ይህን ስታይ «አሠሪዬ ጉልበቴን አልቆጠረችልኝም ብዬ ስንት ዘመን አለቀስኩ፤ አሁን እኔው ራሴ አልቆጠርኩትም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተራችን ላይ «የእጅ ዋጋ» የሚል መስመር አለ። ገበያው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዋጋ የምናወጣው ትእዛዙ በመጣበት ሳምንት ነው፤ ያ መስመር ግን ባዶ ሆኖ አያድርም። ከእያንዳንዱ ሽያጭ በመጀመሪያ የማኅበሩ ቁጠባ ይነሣል፣ ቀጥሎ የእጅ ዋጋ ይከፈላል፣ የቀረው ለሚቀጥለው ግዢ ይቀመጣል።

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ዛሬ አዲስ ብድር ልንጠይቅ አልመጣንም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ከኛ ሌላ ብዙ እንዳሉ እናውቃለን፤ በአገር ቤትም ሰው ቤት ያገለገሉ አሉ። አንዷ ኬክ ትችላለች፣ አንዷ አረጋዊ መንከባከብ ትችላለች፣ አንዷ ልብስ ትተኩሳለች፣ አንዷ አረብኛ ትናገራለች። ማኅበሩ አንድ ደብተር እንዲከፍትና እያንዳንዳችን የምንችለውን በስማችን እንድናስመዘግብ እንጠይቃለን። መጻፍ የማትችል እህት ትናገር፤ ልጆቻችን ይጽፉላታል። እኛ በበኩላችን በሚቀጥሉት አራት ቅዳሜዎች ለሚፈልጉ ሁሉ ይህን ሥራ እናስተምራለን። ስትመጡ ሁለት ቃሪያና አንድ የተሳለ ቢላዋ ያዙ፤ ሌላው ከኛ ነው። ምሥጢር የምንደብቀው የለንም። ከኛ የተሻለ የሠራች ብትኖር ትእዛዝ ሲበዛብን ወደ እርሷ እንልካለን።

አያታችን፣ ያኔ ያልቀመሱልን የተመራቂው አያት፣ ባለፈው ወር ለልጅ ልጃቸው ክርስትና 40 ቃሪያ አዘውናል። ለእርሳቸው ለብቻ ለስለስ አድርገን የሠራነውን አንዱን ቆርጠው ቀመሱ። ምንም አላሉም፤ ሁለተኛውን አነሡ።

እንግዲህ ትሪውን እንክፈተው። ዛሬ ቀይ ቃሪያ አላመጣንም፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንድንበላ። አሳ ለማትበሉ ጎኑ ያለው የምስሩ ነው። እጃችሁን ታጠቡና ቅረቡ።